ማዘር፣ በልተው ነው የመጡት

«ማዘር፣ በልተው ነው የመጡት።»

ጥያቄ አልነበረም፤ ፍርድ ነበር። የአልትራሳውንዱ ልጅ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ነው የተናገረው። እማዬ የሐሞት ከረጢቷ እንዲታይ ታዞላት በጀርባዋ ተኝታለች። ቀሚሷ ተሰብስቧል፣ ሆዷ ጄል ተቀብቷል፣ እሷ ጣሪያውን ታያለች።

«ኧረ የምን መብላት! ከትላንት ማታ ወዲህ ከውሃ ሌላ አፌ አልገባም።»

«ሆድዎ ሙሉ ነው እኮ። በደንብ አያሳየኝም። ነገ በባዶ ሆድዎ ይምጡ።»

ሶፍት ሰጣትና ጄሉን ራሷ ጠረገች። ፊቱ ላይ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚል ነገር ነበር። ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ባጃጅ ውስጥ ዝም አለች። ሰፈር ልንደርስ ስንል «እኔን ውሸታም?» አለች። ስኳር ይዟት ሐኪም እስኪከለክላት ድረስ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ናት። በባዶ ሆድ መዋልን ማንም እንዲያስተምራት አትፈልግም።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ጠርጥሬያት ነበር። ሌሊት ስኳሯ ወርዶባት፣ ፈርታ ዳቦ ቀምሳ፣ አሁን መናገር አፍራ ይሆናል ብዬ። ስለዚህ ያን ቀን ማታ አብሬያት ተኛሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንጀራ በሽሮ በላች። ከዚያ በኋላ የተነሳችው ሽንት ቤት ለመሄድ ብቻ ነው። እኔም እንደ ዘበኛ ተከተልኳት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እዚያው አልጋ ላይ ወጣች። አሥራ አራት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው።

ሌላ ልጅ፣ ያው መሣሪያ፣ ያው ቃል። «በልተዋል።»

ይህን ከጻፍኩ አይቀር ወደኋላ ልመለስ። እማዬ ስኳር ከያዛት 16 ዓመት ሆኗታል። «ጨጓራ» ከያዛት ደግሞ ሦስት ዓመት። ሁለተኛውን ቃል በጥቅስ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። እኛ ጋ አንድ ሰው «ጨጓራ አለብኝ» ሲል የሚስቅ የለም፤ ጨጓራ የሌለው ማን እንዳለ ግን አላውቅም። ቃሩም ጨጓራ ነው፣ መነፋቱም ጨጓራ ነው፣ ንዴቱም ጨጓራ ነው። ጎረቤት «ምን ሆነሽ ነው?» ሲል «ያው ጨጓራዬ ነዋ» ትለዋለህ፣ እሱም «እኔም እኮ» ይልሃል፣ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

የእማዬ ጨጓራ ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ሁለት ሦስት ጉርሻ ትጎርስና ጥግብ ትላለች። ከዚያ ማቅለሽለሽ ይመጣል። አንዳንዴ ታስመልሳለች፤ የምታስመልሰው ግን ያን ሰዓት የበላችውን አይደለም። አንድ ረቡዕ ጠዋት ከጓሮ ተመልሳ «የማክሰኞን ጎመን ዛሬ አየሁት» አለችኝ። ሳቅን። ዋናውን ምልክት በራሷ አፍ እየነገረችኝ እንደነበር አላወቅኩም።

ኦሜፕራዞል ስንት ብልቃጥ እንደጨረሰች አልቆጠርኩም። የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒትም ሁለት ዙር ወስዳለች። ሰፈሩም አልሰነፈም። አንዷ ተልባ ቀቅላ አመጣች፣ ሌላዋ አብሽ ዘፍዝፋ። በተለይ አብሹን ወደደችው፤ ለስኳርም ለጨጓራም ይሆናል ተብሎ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ። በኋላ እንደተረዳሁት አብሽና ተልባ ሲርሱ የሚሆኑት ያ ልጋግ ነገር ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ይቀንሳል። አብሽ ከምግብ በኋላ ስኳር ቶሎ እንዳይሻቅብ የሚረዳውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ጤነኛ ጨጓራ ላለው ጥሩ ነው። ቀድሞ ለቆመ ጨጓራ ግን ፍሬን ላይ ፍሬን መጨመር ሆነ።

እግሯም ነበር። ባለፈው ክረምት ከሐሙስ ገበያ ስትመለስ የግራ እግሯ ነጠላ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ አልታወቃትም። አንድ ልጅ ሮጦ «እማማ፣ ጫማዎት!» ብሎ ሲያቀብላት ነው እግሯን ያየችው። የስኳር ክትትሏ ላይ ስትናገር እግሯን በቀጭን ፕላስቲክ ክር ነካ ነካ አድርገው «ነርቭ ነው» አሏት። ጥሩ። ግን ስኳር በአንድ ክፍል፣ ጨጓራ በሌላ ክፍል ነበር የሚታየው። በሁለቱ መካከል ያለው ኮሪደር ላይ የምንመላለሰው እኔና እማዬ ብቻ ነበርን።

ሦስተኛው ሐኪም በዕድሜ ገፋ ያለ ነው። ሁለቱን የአልትራሳውንድ ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው።

«ሁለቴም በልተው ነው የመጡት አሉዎት?»

«ሁለቴም! እኔ ግን ልጄ ትመስክር...»

«ሁለተኛው ቀን፣ ማታ ምን በሉ?»

«ሽሮ።»

«እንግዲህ ያዩት ሽሮውን ነዋ።»

እማዬ መጀመሪያ አልገባትም። እኔም አልገባኝም። ቀስ ብሎ አስረዳን፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ጨምሬበት ልንገራችሁ።

ቫገስ የሚባል ነርቭ አለ። ስሙ በላቲን ተንከራታች ማለት ነው፤ ሥራውም እንደ ስሙ ነው። ከአንጎል ሥር ይነሳል፣ በአንገት ይወርዳል፣ ልብንና ሳንባን ይጎበኛል፣ ጨጓራና አንጀት ድረስ ይዘልቃል። ጨጓራ ደግሞ የራሱ የነርቭ መረብ አለው። መረቡ የሚገኘው ግድግዳው ላይ፣ በሁለት የጡንቻ ሽፋኖች መካከል ነው። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ከእማዬ ጋር ለዱለት የበግ ጨጓራ አጥቤያለሁ። የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ፍቄ፣ በሎሚ አሽቼ። በጣቶቼ መካከል የነበረው ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ መረብ እንዳለ ማን ነግሮኝ። በመረቡ አጠገብ ካሃል የሚባሉ ሴሎች አሉ፣ ምት የሚመቱት እነሱ ናቸው፤ በሰው ጨጓራ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ገደማ። በዚያ ምት የታችኛው የጨጓራ ክፍል ምግቡን እየጨመቀ ይፈጫል። ቁራጩ ወደ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር እስኪወርድ ድረስ በሩ አይከፈትለትም።

ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ይህን ሁሉ ያበላሻል። ነርቮቹንም፣ ምት መቺዎቹን ሴሎችም። ወፍጮው አለ፣ እህሉ አለ፣ የሚያዞረው ግን ደክሟል።

«እግርዎን ያደነዘዘው ነው ሆድዎንም ያደነዘዘው» አላት ሐኪሙ።

«ጫማዬን የወሰደው ነው ሽሮዬን የያዘብኝ?»

«እሱው ነው።»

የአንድ ሌሊት ነገርም ያኔ ነው የተፈታልኝ። ከአንድ ዓመት በፊት የሆነ ነው። እማዬ እንደ ወትሮዋ ኢንሱሊኗን ተወግታ እራቷን በላች። ሦስት ሰዓት ላይ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ አነጋገሯ ተሳሰረ። ስኳሯን ስንለካት ወደ 47 ወርዷል። አሁን በልታ! ዳቦ ሰጠናት፤ ምንም ለውጥ የለም። ጎረቤታችን ሮጣ መጥታ ስኳር በውሃ በጥብጣ ስታጠጣት ነው ነፍሷ የተመለሰችው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንለካት ደግሞ 370 ገብቷል። ለክትትል ስንሄድ ደብተሯን ያየችው ነርስ «ማዘር፣ አመጋገብዎን አይጠብቁም» አለቻት።

የሆነው ይህ ነው። ኢንሱሊኑ በሰዓቱ ደም ውስጥ ገባ፤ እራቱ ግን ጨጓራ ውስጥ ቁጭ ብሏል። መድኃኒቱ የሚያወርደው ስኳር አጥቶ ያለውን አወረደ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ምግቡ ቀስ እያለ ሲወርድ ደግሞ መድኃኒቱ ኃይሉ አልቋል። ዳቦው ያልሠራው ከእራቱ ኋላ ወረፋ ስለያዘ ነው። ፈሳሽ ግን ብዙ ጊዜ ከደረቅ ምግብ ቀድሞ ያልፋል። ጎረቤታችን ይህን ሁሉ አታውቅም፤ የተበጠበጠ ስኳር ፈጥኖ እንደሚደርስ ብቻ ነው የምታውቀው። በቂ ነበር።

ሐኪሙ ያን ቀን ወዲያው አልደመደመም። መጀመሪያ ኢንዶስኮፒ፣ በጉሮሮ የሚገባ የካሜራ ቱቦ፣ አዘዘ። መውጫው ላይ ቁስለት ወይም እባጭ ዘግቶት ቢሆንስ? እሱ ከሆነ የነርቭ ወሬ ሁሉ ከንቱ ነው። አልተዘጋም፤ በሩ ክፍት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ እንቁላሉ ያወራን።

ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ለመለካት በዓለም ላይ ዋና የሚባለው ምርመራ ቁርስ ነው። ቀልዴን አይደለም። የእንቁላል ነጭ፣ ሁለት ቁራጭ ቶስት ዳቦ፣ ማርማላታ፣ ግማሽ ብርጭቆ ገደማ ውሃ። እንቁላሉ ሲጠበስ ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ጥቂት ይገባበታል። ሰውየው በልቶ ይጨርሳል፣ ጋማ ካሜራ ፊት ይሆናል፣ ካሜራው ከሆዱ የሚወጣውን ጨረር ይቆጥራል። ወዲያው እንደበላ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ። በአራተኛው ሰዓት ከቁርሱ ከ10 በመቶ በላይ ጨጓራ ውስጥ ከቀረ ጨጓራው ዘግይቷል ይባላል። የቁርሱ ዓይነትና ሰዓቶቹ እንዲህ አንድ ወጥ እንዲሆኑ የአሜሪካ ባለሙያዎች የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

እማዬ በጥሞና ስታዳምጥ ቆይታ «ጨረሩን ዶሮዋ ናት የምትጥለው?» አለች። ሐኪሙ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ችግሩ ካሜራው እዚህ ጅማ አልነበረም። ቴክኒሺየም ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው፤ በየ6 ሰዓቱ ግማሹ ይጠፋል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ላይ ጭኖ የሚመጣ ሰው ቢኖር ጅማ ሲደርስ ግማሽ ያህሉን መንገድ ላይ ጨርሶታል። አዲስ አበባ እንሂድ ወይ ብዬ ሳስብ እማዬን በዚያ መንገድ፣ በዚያ ማቅለሽለሽ፣ አውቶቡስ ላይ አሰብኳት። ተውኩት።

«ካሜራው ባይኖረን» አለ ሐኪሙ፣ «ሰዓት አለን።»

ቀጠሮ ተያዘላት። ከቀጠሮው በፊት ያሉትን ሦስት ቀናት እራቷ ሾርባ ብቻ ሆነ፤ በዚያ ላይ ረዘም ያለ ጾም። ያን ጠዋት ስኳሯ ተለካ፤ 160። ይህ ለወጉ ያህል አይደለም። ስኳር ከፍ ሲል ጨጓራ ነርቩ ደህና እንኳ ቢሆን ለጊዜው ይዘገያል። በእንቁላሉ ምርመራም ስኳሩ ከ275 በላይ የሆነ ሰው መጀመሪያ ስኳሩ ይስተካከልለታል። አለዚያ የዛሬውን ከፍታ እንደ 16 ዓመት ጉዳት ማንበብ ይሆናል። ከዚያ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለች ቁርስ ቤት ሁለት እንቁላል በዳቦና ሻይ ያለ ስኳር አስመጣሁላት። ጉርሻ በጉርሻ፣ በግድ ጨረሰችው። እኔ ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩ።

አልትራሳውንዱን የምታነሳው ልጅ ወጣት ናት። ልይ ወይ ስላት ወንበር ሳበችልኝ። ስክሪኑ መጀመሪያ ግራጫ ጭጋግ ነው። ቀስ እያልኩ ስለምድ ጉበቱን አሳየችኝ፣ ከሥር ትልቁን የደም ሥር። በሁለቱ መካከል የጨጓራው የታችኛው ክፍል ተቆርጦ ይታያል። ባዶ ሲሆን ትንሽ ክብ ነው፣ ክብ ውስጥ ክብ፣ እንደ ዒላማ። ከቁርሱ በኋላ ግን ተነፋፍቶ ውስጡ ዝናብ ሲዘንብ ጉም የያዘው የባጃጅ መስታወት መሰለ። በ15ኛው ደቂቃ ዙሪያውን በመስመር ከበበችው፤ 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ወጣን፣ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። በ90ኛው ደቂቃ ተመለስን። 11።

ይህ ልኬት እንደ ጋማ ካሜራው አይደለም። ጋዝ ካለ ስዕሉን ያጠፋዋል፣ የያዘው እጅም ይወስነዋል። ግን ጤነኛ ጨጓራ በዚያ ጊዜ ክቡ ሲጠብብ ያሳያል። የእማዬ አልጠበበም ማለት ይቻላል።

«እንግዲህ ውሸታም አይደለሁም» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ስለ ስዕል ያለኝን ሐሳብ የቀየረው ይህ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ ያነሱት ስዕልና በኋላ ልጅቷ ያነሳችው በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሞላ ጨጓራ። ልዩነቱ ስክሪኑ ላይ የለም። ልዩነቱ «መቼ በላሽ?» የሚለው ላይ ነው። ሰዓት የሌለው የጨጓራ ስዕል ምንም አይናገርም። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሰዓቱ ተሰጥቷቸው ነበር፤ እማዬ በአፏ ነግራቸዋለች። የጣሉት የምርመራውን ግማሽ ነው። በእርግጥ አልፈርድባቸውም፣ በቀን ስንት ሰው ቁርሱን በልቶ ይመጣባቸው ይሆናል። ቢሆንም።

ደግሞ ማንም ነርቩን አላየውም። ጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ያለውን መረብ አልትራሳውንዱም ጋማ ካሜራውም አያሳዩም። ኤምአርአይ ጨጓራው ሲጨምቅ ያለ ጨረር ያሳያል፤ እሱም ቢሆን የሚያሳየው ሥራውን እንጂ ሠራተኛውን አይደለም። ነርቭን በሕይወት ካለ ሰው ላይ በቀጥታ ማየት የሚቻልበት አንድ ቦታ አለ፤ ዓይን። የዓይን ፊት ላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን በቀጭን ነርቮች የተሞላ ነው። በልዩ ማይክሮስኮፕ ሳይቆረጥ ይታያል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ እነዚያ ክሮች ሲሳሱ ተመራማሪዎች ቆጥረዋል። ሌላው ነርቭ እንዴት እንደሆነ በዓይን በኩል መገመት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ይገርመኛል። «ዓይኔን አይተው የሆዴን ሊያውቁ?» አለች እማዬ ስነግራት። አልከፋትም።

ምልክቱም ቢሆን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ1958 ካሳንደር የተባለ ሐኪም የስኳር ሕመምተኞችን ጨጓራ መዘግየት ስም ሰጥቶ ሲጽፍ የገለጸው ምንም ምልክት ያልነበራቸውን ሰዎች ነው። ጨጓራቸው ሙሉ፣ እነሱ ደህና ነን ባዮች። በተቃራኒው ሲያቅለሸልሻቸው የሚውሉ፣ ሲለኩ ግን ጨጓራቸው በሰዓቱ የሚያወርድ አሉ።

አንድ ታሪክ ግን ከሁሉም በላይ ገርሞኛል። ራጅ በተገኘ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ዋልተር ካነን የሚባል የሐርቫርድ የሕክምና ተማሪ የእንስሳትን ሆድ በራጅ ማየት ጀመረ። ቢስመዝ ከምግብ ጋር ቀላቅሎ ድመት አበላና ጨጓራዋ ሲንቀሳቀስ ተመለከተ። በ1898 ያን አሳተመ። ሲመለከት ያላሰበውን አየ። ድመቷ ስትበሳጭ ወይም ስትጨነቅ ጨጓራዋ ቀጥ ይላል። ስትረጋጋ እንደገና ይጀምራል።

ይህን ለእማዬ በቡና ላይ ነገርኳት። ቶናው ላይ ነበርን። ሲኒዋን አስቀመጠችና «ታዲያ ያ ልጅ ውሸታም ሲያደርገኝ የኔስ ቀጥ አይልም?» አለች። የሽሮው ጉዳይ በዚያ አይብራራም፤ አሥራ አራት ሰዓት ተኩል ድመት አትቆጣም። ግን አልተከራከርኳትም።

አሁን በቀን አምስቴ ትንሽ ትንሽ ትበላለች። ቅቤው ቀንሷል። ጎመንና ሌላው ቃጫ የበዛበት ነገር ለጊዜው ተትቷል። ሾርባ በዝቷል፣ አብሹ ቆሟል። አብሹን ያመጣችው ጎረቤት ትንሽ ተቀይማለች። ሲብስ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠውን ፕላሲል ለጥቂት ቀናት ትወስዳለች። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከፈቃድ ውጪ የሰውነት እንቅስቃሴ ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሙ ቀን ቆጥሮ ነው የሚሰጣት። የኢንሱሊኗንም ሰዓት ቀይሮላታል። እሱን ከዚህ ጽሑፍ ላይ ማንም እንዳይኮርጅ፤ የሷ ለሷ ነው። አልዳነችም። የ16 ዓመት ነርቭ በስድስት ወር አይመለስም። ግን ሌሊት ላይ 47 ካየን ቆየን።

ባለፈው ሳምንት ለሐሞት ከረጢቷ ደግመው አዘዙላት፤ የመጀመሪያው ትዕዛዝ እኮ እስከ ዛሬ አልተሠራም ነበር። ያችው ወጣት ልጅ ናት ያገኘችን። እማዬ አልጋው ላይ ወጣች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች። ጄሉ ሳይነካት በፊት እጇን አነሳች።

«ቆይ እህቴ። ትላንት ማታ በ12 ሰዓት ሾርባ ጠጥቻለሁ። አሁን አራት ሰዓት ሆኗል። እዚያ ካገኘሽው ንገሪኝ።»

ልጅቷ መዳሰሻውን አስቀምጣ ስክሪኑን ትንሽ ወደ እማዬ አዞረችላት።

«አለ ማዘር። ግን ትንሽ ነው።»